ጆሮ ያለው ጎማ ፍለጋ

ከመለዋወጫ ሱቁ መስኮት ጀርባ የተነሳሁት ጉልበቴ ስለደከመ አይደለም፤ ሰው መጠየቅ ስለተወ ነው። ድሮ ሾፌር ይመጣና «አዴ ዘይነባ፣ የኋላ ግራው እንዲህ ያደርገኛል» ብሎ የመኪናውን ድምፅ በአፉ ያሰማኛል። የሚያፏጭ ነበር፣ ጥርሱን የሚያንቀጫቅጭ ነበር፣ አንዱማ ሙሉ ሰውነቱን እያርገፈገፈ ነበር የሚያስረዳኝ። እኔም ሰምቼ፣ ኩሽኔታ ይሁን ቡሎን ገምቼ እገባለሁ፣ ዕቃውን ይዤ እወጣለሁ። ኋላ ኋላ ግን ሁሉም ስልኩን በመስኮቱ አሾልኮ ፎቶ እያሳየ «ይሄ አለ?» ማለት ጀመረ። ለዚህ ደግሞ እኔ አላስፈልግም፤ የእህቴ ልጅ ይበቃል። ቁልፉን ሰጠሁት። ሱቁን የባጃጅ ዕቃ ብቻ አደረገው፣ ትርፉም ጨምሯል ይላሉ። ደግ አደረገ።

ሥራ የጀመርኩት ግን ሱቅ ውስጥ አይደለም። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ በነበረ የብርቱካን እርሻ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው። ደመወዙን አልናገርም፤ ያስቃል። ሥራው ግን አያስቅም ነበር። በእርሻው ውስጥ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ፣ ትራክተሩም ተሳቢውም የውሃ መሳቢያውም፣ መለዋወጫው በኛ መስኮት ካላለፈ ይቆማል። ብርቱካን ደግሞ ጋሪ ተሰበረ ብሎ መብሰሉን አያቆምም።

አለቃዬ ጋሽ ተፈራ ይባላሉ። ቀጭን፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት የካኪ ኮታቸውን የላይኛ ቁልፍ የማይፈቱ ሰው ነበሩ። ሁለት ነገር አይወዱም፤ አንዱ ሜትር ነው። «ሜትር ቁጥር ይነግርሻል፤ ቁጥሩን ደግሞ መደርደሪያው ጋ ስትደርሺ ትረሺዋለሽ» ይሉኛል። ለጎማ ሦስት ሲባጎ ነበራቸው። አንዱ የቸርኬውን ስፋት፣ ማለትም ላስቲኩ የሚለብስበትን የብረት ቀለበት ከዳር እስከ ዳር ይለካል። ሁለተኛው በቡሎን ቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ርቀት። ሦስተኛው ቸርኬው የሚታሰርበት የመሐል ሳህን ሆድ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደጎደጎደ። በየሲባጎው ላይ ቋጠሮ ያስሩና ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው እየዳሰሱ «ይሄ የትንሿ ነው፣ ይሄ የተሳቢው» ይላሉ። እኔም እየሳቅሁ ተማርኩት፤ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።

ሁለተኛው የማይወዱት ነገር «የለም» የሚል ቃል ነበር። እኔ አዲስ ሆኜ ለአንድ የትራክተር ሾፌር «የለም» ብዬ መስኮቱን ስዘጋ አዩኝ። ምንም አልተቆጡም፤ መስኮቱን መልሰው ከፈቱና «ገና አልመጣም ማለቷ ነው» አሉት። ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው በፀሐይ ወጡ። ዕቃውን ከጋራዡ ጀርባ ካለ ጉድጓድ፣ ከወደቀ ተሳቢ ሥር ፈታተው ይዘው ተመለሱ። እሳቸው ዘንድ «ገና አልመጣም» ማለት ፍለጋው ተጀመረ ማለት ነበር። «ትራክተር ሲሞት ጎማው አብሮ አይቀበርም፣ ሌላ ሥራ ይቀጠራል፤ የት እንደተቀጠረ ጠይቂ» ይሉኝ ነበር።

ዋጋ ላይም የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። ያገለገለ ዕቃ ሊገዙ ሲሄዱ ስለ ዕቃው ቀድመው አይጠይቁም። ሰውየው አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ከብቱ ያወራሉ፣ እኔ መሽቶብኝ እቁነጠነጣለሁ። ስንመለስ አንዴ ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ብጠይቃቸው፣ «ዕቃው ከቤቱ ሲወጣ ምን እንደሚጎድለው ሳላውቅ ዋጋ አልጠራም» አሉኝ። ያኔ ሽማግሌ መሆናቸው ነው ብዬ ተውኩት። ኋላ እርሻው ሲፈርስ ከተማ ገብቼ የተቀጠርኩበት ነጋዴ ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ሰው ነበር፤ «ጎማ ጎማ ነው፣ ይሽከረከራል አይደል?» ባይ። ከሱ ጋር የተጨቃጨቅሁትን ያህል ከባሌ ጋር አልተጨቃጨቅሁም። ነጋዴውን ነፍሱን ይማረውና ሱቁን ግን በመጨረሻ ለኔ ነበር የሸጠው።

እንግዲህ ጡረታ ወጥቼ፣ ሳቢያን ሠፈር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ የሰው መተላለፍ እያየሁ ስሰለች፣ ረመዳን ሊገባ ሲል ኤልያስ መጣ። ኤልያስ የጂቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ለጭነት መኪናው ከኔ ያልገዛው ነገር የለም። ልጄን ስለሚያክል አንቺ ይለኛል፤ በድሬ ይህ ንቀት አይደለም።

«አዴ፣ ጎማ ፈልጌ ሱቅሽ ሄጄ ነበር» አለኝ። «የእህትሽ ልጅ ፎቶውን አየና ‹እንዲህ ዓይነቱ የለም› አለኝ።»

«ምን አለህ?»

«የለም።»

ከወንበሬ ተነሳሁ። ወላሂ የተነሳሁት ሳላስበው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኤልያስ አባት አንዲት ትንሽ ግራጫ ትራክተር ነበረቻቸው። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የሰመጠ መኪና በኖረ ቁጥር እየጎተቱ የሚያወጡባት፣ ልጆቻቸውን ሁሉ ያስተማሩባት ትራክተር ናት። በአንድ ክፉ ዘመን የኋላ ጎማዎቿን ሸጠው፣ የጭነት መኪና ጎማ በብየዳ አስገጠሙላት። ብየዳው ተሰነጠቀ፣ ትራክተሯም ግቢ ውስጥ እንደቆመች ቀረች፣ አባትየውም አረፉ። ኤልያስ ከመስመር በተመለሰ ቁጥር ሞተሯን እየፈታ፣ እያጠበ፣ እየገጠመ አስነስቷታል። የፊት ጎማዎቿም ደህና ናቸው። የጎደሏት ሁለቱ የኋላዎቹ ብቻ ናቸው።

«ታዲያ ምን አስቸኮለህ?» አልኩት።

«ግቢው ተሸጧል» አለኝ። ታላቅ ወንድሙ ጀማል፣ ታይዋን ገበያ ጨርቅ የሚነግደው፣ ለወራሾቹ ሁሉ እያሰበ ነው የሸጠው። ከዒድ በኋላ ለገዢው ያስረክባሉ። «ጀማል ምን አለኝ መሰለሽ? ‹በዚያን ቀን በራሷ ጎማ ከበሩ ከወጣች ያንተ ናት። ካልወጣች ብረት ገዢው ቆራርጦ ይጭናታል።› ቀኑን ለብረት ገዢው ነግሮታል አዴ፤ መኪናውን ይዞ ይመጣል።»

ይህን የሚነግረኝ እንደ መርዶ ነው። እኔ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። አዝኖ የመጣ ልጅ ፊት ሰው ደስ አይለውም፤ እኔን ግን ደስ አለኝ። ያችን ትራክተር አውቃታለሁ፤ የእርሻው ትንንሾች ሁሉ የሷ ዓይነት ነበሩ። ጎማዋ ተራ ጎማ አይደለም። ሁለት አካል ነው፤ የውጪው ቸርኬ ላይ ከውስጥ በኩል ጆሮ የመሰሉ ብረቶች አሉ፣ የመሐል ሳህኑ በቡሎን የሚታሰረው በነዚያ ጆሮዎች ላይ ነው። ጆሮ የሌለው ቸርኬ እሷ ላይ አይቀመጥም፤ ይቀመጥ ቢባል እንኳ የአባቱ ብየዳ የደረሰበት ይደርስበታል። «ሲባጎ አምጣ» አልኩት።

ግቢው ሄደን የትራክተሯን ጎማ ማሰሪያ ከቅባትና ከአሸዋ አጽድቼ፣ ሦስቱንም ሲባጎ በራሴ እጅ ቋጠርኳቸው። ኤልያስ ከጎኔ ቆሞ ሜትር ዘርግቶ ይጠብቀኛል። «እሱን ለጨርቅ ነጋዴው ወንድምህ ስጠው» አልኩት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

መጀመሪያ የሄድነው በሁርሶ መንገድ ወዳለ አሮጌ ብረት ነጋዴ ነው። እዚያ ሁለት አገኘን፤ ጆሮ ያላቸው፣ ቀዳዳቸው ልክ የሆነ፣ አንድ ዓይነት ቀይ ቀለም የተቀቡ። አንዱን በሦስቱም ሲባጎ ለካሁት፤ ገጠመ። ሁለተኛው ከብረት ክምር ሥር በሆዱ ተደፍቶ ስለነበር ከላይ ያለውን ብቻ ለካሁ፤ እሱም ገጠመ። ነጋዴው «ከአንድ ትራክተር የወጡ ናቸው» ብሎ ማለ። ኤልያስ ያጠራቀመውን ከፈለ፣ ጭነን መጣን፣ ገጠምናቸው። ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ እንዳንቀሳቀሳት የቀኙ ጎማ ከላይ ያለውን ፓራፋንጎ፣ ያንን የጭቃ መከላከያውን ላሜራ፣ ይፍቀው ጀመር። ግራው ነጻ ነው፣ ቀኙ ይፈጫል። ሲባጎዬን አወጣሁና የቀኙን ሆድ ለካሁት። ከግራው በሁለት ጣት ያንሳል። ወንድማማች አይደሉም፤ ወንድማማች ያስመሰላቸው ቀለሙ ነው።

መልሰን ስንሄድ ነጋዴው ከጭነት በኋላ መመለስ የለም አለ። እውነቱን ነው፣ የሠፈሩ ወግ እንዲያ ነው። ኤልያስ መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን ያዘ። ከዚያ «አዴ፣ ይበቃል። ብረት ገዢው ይጫናት» አለ። የኔን የሥራ ዘመን ሁሉ እፍኝ አመድ ያደረገው መሰለኝ። ልጁ ያመነው እኔን ነው፤ ልጁን ያዋረድኩትም እኔ ነኝ፤ እንዲህ ያመመኝ ነገር ብዙ የለም። ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ ዋልኩ።

ከግማሽ ቀን በኋላ ተቀምጬ ሳለ የጋሽ ተፈራ ነገር መጣልኝ፤ ጎማው የት ተቀጠረ? እኛ እኮ የሞቱ ብረቶች ያሉበት ነበር የሄድነው። በሥራ ላይ ያለ ጎማ ብረት ነጋዴ ጋ ምን ያደርጋል? በዚህ አገር ትልቅ ጎማ የሚፈልግ ሥራ ደግሞ አንድ ነው፤ አሸዋ እያቋረጡ ውሃ ማመላለስ። ቻድሬ መከናነቢያዬን ለብሼ ውሃ የሚጭኑ ሾፌሮች የሚቆሙበት ሄድኩ። «ጆሮ ያለው ጎማ የገጠመ የውሃ ጋሪ ያያችሁ?» እያልኩ ስዞር ሳቁብኝ። አንዱ ግን አልሳቀም። «ቢዮ አዋሌ መንደር፣ ሐጂ ሮብሌ ቤት። አህዮቹ ከጎማው ያንሳሉ» አለኝ። ወዲያው ለኤልያስ ደወልኩ። «ተነስ፣ ገና አልመጣም እንጂ አለ» አልኩት። ምን እያልኩ እንደሆነ ግራ ገባው፤ ግን መጣ።

ቢዮ አዋሌ ስንደርስ ጋሪው ከቤቱ ፊት ቆሟል። በርሜሎች ተጭነውበታል፣ ሁለት አህዮች ጭድ ይበላሉ፣ ሥሩ ደግሞ ሁለቱ ጎማዎች አሉ። ከመኪናው ሳልወርድ ጆሮዎቹን አየኋቸው። ልቤ እንዴት እንደዘለለ አትጠይቁኝ፤ በኔ ዕድሜ ለሰርግ እንኳ እንዲህ አይዘልም። አሸዋው ላይ ተንበርክኬ የግራውንም የቀኙንም ሦስት ሦስት ጊዜ ለካሁ፣ የሁለቱንም ሆድ ደጋግሜ። ቋጠሮዎቹ ሁሉ ቦታቸው ላይ ዐረፉ። ኤልያስ ከኋላዬ «አዴ? አዴ?» ይላል። ጭንቅላቴን ብቻ ነቀነቅሁለት፤ ብናገር ዋጋው ይጨምራል።

ሐጂ ሮብሌ ግራር ሥር ተቀምጠዋል፤ ግመል ነጋዴ ናቸው፣ ጢማቸውን በሒና ያቀሉ ሽማግሌ። ኤልያስ ገና ሰላም ብሎ ስለ ጎማው ሲጠይቅ እጃቸውን አነሱ።

«በአፍ አልሸጥም። በአፍ የተጠራ ዋጋ ነገ ገበያ ላይ ይከተለኛል። እጅህን አምጣ፣ ወረያ» አሉ፤ በሶማሊኛ «አንተ ልጅ» ማለታቸው ነው።

ቁም ከብት ገበያ የዋለ ሰው ያውቀዋል። ገዢና ሻጭ እጃቸውን ተያይዘው ፎጣ ይሸፍኑበታል። ከሥር ጣት በመጨበጥ ዋጋ ይጠራራሉ፤ አንድ ጣት አንድ ነው፣ ሙሉ መዳፍ አምስት፣ እምቢ ያለ እጁን ያዞራል። ዙሪያውን የቆመ ሰው የሚያየው ፎጣው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ኤልያስ ጣቱን ያውቃል፤ የማያውቀው የራሱን እጅ ነው። ፎጣው ጥቂት እንደተንቀሳቀሰ ሐጂ መሳቅ ጀመሩ።

«የዚህ ልጅ እጅ ውሃ ሆኗል» አሉኝ ወደኔ ዞረው። «እጁ የረጠበ ሰው ሳይገዛ አይሄድም።»

ከዚያ በኋላማ በያዙት ቁጥር ይጨምራሉ። ኤልያስ እጁን አወጣና በጆሮዬ «የትራክተሯን ከነግቢው ዋጋ ነው የጠየቀኝ» አለ። ፊቱ ደም መስሏል።

ያን ጊዜ አረፍ አልኩና እንደ ጋሽ ተፈራ ተቀመጥኩ። ስለ ግመሉ ጠየቅሁ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቅሁ። ከዚያ «ሐጂ፣ ጎማው የሄደ ቀን ውሃው እንዴት ይመጣል?» አልኳቸው።

ሐጂ አህዮቹ አጠገብ ወዳለችው ሴት ብቻ አዩ። ሚስታቸው ከዲጃ ናት፣ ኤዶ ከዲጃ ይሏታል፣ አክስት እንደማለት፤ ከመጣን ጀምሮ ገመድ እየጠቀለለች፣ አንድ ጊዜ እኛን አንድ ጊዜ ጎማውን ስታይ ነበር። እኛ ደግሞ ሰላም ካልናት በኋላ ዞር ብለን አላየናትም።

«ኤዶ፣ ጋሪው የማን ነው?» አልኳት።

«የኔ» አለች ገመዷን ሳትተው። «ግመሉ የሱ ነው። ጋሪው፣ በርሜሉ፣ አህዮቹ የኔ ናቸው። ይሄ ሁሉ ቤት የሚጠጣው በኔ ጋሪ ነው።»

«አህዮቹን እኔ ነኝ የገዛሁት» አሉ ሐጂ።

«በማን የውሃ ብር?»

ሐጂ ጢማቸውን መዳበስ ጀመሩ። «ዋጋው ጥሩ ከሆነ እነግራት ነበር» አሉ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ወንድ ለወንድ እጅ ስለሚሰጥ ብቻ፣ ያለ ባለቤቱ ፎጣ ሥር ስንሟገት ነበር የቆየነው። ኤልያስን እንዳልሰድበው እኔም ራሴ ሴት ሆኜ ያው ነኝ፤ ጋሪ ሳይ ወንዱን ፈለግሁ።

የኔ ሶማሊኛ የሱቅ ሶማሊኛ ነው፣ የሷም አማርኛ የገበያ አማርኛ፤ ሲያልቅብን ኦሮምኛ እየተበደርን ተግባባን። ትራክተሯን ቆራርጦ ሊጭናት የሚመጣ ሰው እንዳለ፣ ቀኑም እንደቀረበ ነገርኳት። ከሁርሶ መንገድ የገዛናቸው ሁለት ጎማዎች እንዳሉም ነገርኳት፤ ቁመታቸው ያው፣ ቀዳዳቸው ያው፣ የአንዱ ሆድ ብቻ ያነሰ። ትራክተር ላይ ላሜራ ይፍቃል፣ ጋሪ ላይ ግን የሚፍቀው ላሜራ የለም፤ ከውስጥ በኩል ወፍራም የብረት ቀለበት፣ ሮንዴላ፣ ገብቶለት ከወንድሙ ጋር ይስተካከላል። አዲስ የላስቲክ ጎማ አልብሰን እናመጣለን አልኳት።

«ሃዬ» አለች፣ እሺ ማለቷ ነው። «አምጥተሽ አሳዪኝ። ጋሪዬ ግን አንድ ቀን አይቆምም። ጎረቤት አይጠማብኝም።»

በማግስቱ ጎሚስታ ይዘን፣ አስለብሰን አመጣናቸው። ጋሪውን በድንጋይ አስደግፈን ፈታን፣ ገጠምን፣ ሮንዴላውን አስገባን። ሥራው ሲያልቅ ኤዶ ከዲጃ ጎማዎቹን በእግሯ መታ መታ አደረገች። አላመነችም። በርሜሎቹን ሙሉ ውሃ አስጫነችና አህዮቹን ራሷ እየነዳች ወደ ደረቁ ወንዝ ወረደች። አሸዋው በጣም የሚይዝበትን ቦታ መርጣ አቋረጠች፣ ዞረችና መልሳ አቋረጠች። ኤልያስ ጥፍሩን ይበላል። ከወንዙ ስትወጣ አህዮቹን አቁማ ከጋሪው ኋላ ሄዳ የጎማውን ዱካ አየች፤ ሁለቱ መስመሮች እኩል ነበሩ። ከዚያ ወደኔ መጥታ ሻሿን ከትከሻዋ አወረደችና እጇን ዘረጋችልኝ።

አባቴ የፍየል ደላላ ነበር፤ ልጅ ሆኜ በሸሚዙ ጫፍ ሥር ጣት መጨበጥ ያስተማረኝ እሱ ነው። ነገር ግን በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን አልተገበያየሁበትም፤ ማን ከሴት ጋር ፎጣ ሥር እጅ ይይዛል? የኤዶ ከዲጃ እጅ ገመድ ያጠነከረው፣ ደረቅ፣ ሰፊ እጅ ነው። ጨበጠችኝ። እጄን አዞርኩ። ዝቅ አደረገች። እኔም ከፍ አልኩ። በልቤ የብረቱን ክብደት ደመርኩ፣ ከሁርሶ የመጡትን ቀነስኩ፣ አሸዋ ውስጥ ሁለት ጊዜ ያመላለሳትን ድካም ደመርኩ። ዓይን ለዓይን እየተያየን ሁለታችንም ሳቅ አፈንን። አሮጊት ሆኜ እንደዚያ የተጫወትኩበት ቀን የለም።

ሐጂ አንገታቸውን አስግገው «ስንት አላችሁ?» አሉ።

«በአፍ የተጠራ ዋጋ ገበያ ይከተላል፣ ሐጂ» አልኳቸው። ግራሩ ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ተስማማን። እጇን ልታወጣ ነው ስል ግን መልሳ ያዘችኝና ከጨበጠቻቸው ጣቶች አንዱን ለቀቀችው። ቀነሰችልኝ ማለት ነው። ለምን ብዬ ዓይኗን አየሁት። «በረካ ነው» አለች፤ «መጀመሪያ ባለቤቱ ማን ነው ብለሽ የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ።» ዋጋውን ለኤልያስ በጆሮው ነገርኩት፣ እሱም ከፈለ። ለሌላ ለማንም አልነገርኩም፤ ለእናንተም አልነግርም።

ግቢው ስንመለስ ዓይኔ እያየ ሌላ ሰው እንዲገጥማቸው አልፈቀድኩም። የማሰሪያውን ፊት በነዳጅ አጠብኩት፤ አንድ የአሸዋ ፍሬ ከመሐል ብትቀር ጎማው ጠብቄያለሁ ይላል እንጂ አልተቀመጠም። የቡሎኖቹን ማጥበቂያ ዳዶዎች በጣት ብቻ ዙሪያውን አዞርኳቸው፣ ሳህኑ በራሱ ገብቶ እስኪቀመጥ። ከዚያ ነው ቁልፍ፤ አንዱን ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች ትይዩውን። ጣቴ ሥር ብረቱ ብረቱን ሲያገኘው ይሰማኛል። ይህን ስሜት ሌላ በምን እንደምገልጸው አላውቅም፤ ደስታ ነው።

የርክክቡ ቀን ጠዋት ጀማል ከገዢው ጋር ቆሟል። በሩ ላይ ደግሞ የብረት ገዢው የጭነት መኪና አፍንጫውን ወደ ግቢው አስገብቶ ቆሟል፤ ሠራተኞቹ የጋዝ መቁረጫቸውን ሊያወርዱ ነው። ኤልያስ ሞተሩን አስነሳ። እኔ ጥግ ላይ በቻድሬዬ አፌን ሸፍኜ ቆሜያለሁ። ክላቹን ሲለቅ ጎማው ዞረ። የሚፋቅ ላሜራ የለም፣ ያዘመመ ነገር የለም። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የሥራ ዘመኔን ሙሉ ጎማ በመስኮት አሳልፌ ስሰጥ ኖሬያለሁ፤ ሰውየው ተሸክሞ ይሄዳል፣ እኔ ቀጣዩን ደንበኛ እጠይቃለሁ። አንድም ቀን የሰጠሁት ጎማ ሲሽከረከር ቆሜ አላየሁም ነበር። ዕንባዬ መጣ፣ ሰው ይየኝ አይየኝ ግድ አልነበረኝም።

ኤልያስ አጠገቤ ሲደርስ አቆማት። «አዴ፣ ላይ ውጪ» አለኝ።

«አብደሃል?»

«ውጪ አልኩሽ።»

ፓራፋንጎው ላይ ቁጭ አልኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጎማው ከጎኔ እየዞረ። በሩ ጋ ደረስን። የጭነት መኪናው መንገዱን እንደዘጋ ነው። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ ማንን እንደሚሰማ አያውቅም፤ አንዴ እኛን፣ አንዴ የጠራውን ጀማልን ያያል። ኤልያስ ዞር ብሎ ወንድሙን አላየም፤ እጁ መሪውን እንደያዘ ፊት ለፊት ብቻ ያያል። ሞተሩ ያንኳኳል።

ጀማል ከገዢው ተለየና ወደኛ መጣ። የአባቱን ትራክተር ጎማ በመዳፉ ነካው፣ እጁ ላይ የቀረውን አቧራ አየ። ከዚያ አልፎን ሄደና የበሩን ሁለተኛ ክንፍ ከፈተ። ወደ ጭነት መኪናው ዞሮ ሁለት እጁን አነሳ።

«ወደ ኋላ በል» አለው ሾፌሩን። «ወደ ኋላ በል፣ አባቴ ይለፍ።»